ታይት፣ ሜሪኖ፣ ፍሊስ፣ የላባ ጃኬት፦ በዕለት ኑሮ የትኛው ያዋጣል?

የስፖርት ልብስ ማስታወቂያ ላይ ያለችው ሴት ሁልጊዜ ትሮጣለች። ቆማ አይተናት አናውቅም። የእኛ ቀን ግን ግማሹ መቆም ነው። አውቶቡስ እንጠብቃለን፤ ሰልፍ እንይዛለን፤ የትምህርት ቤት በር ላይ ልጅ እስኪወጣ እንቆማለን። በመሀል ደግሞ እንሮጣለን። የሚያልበን ስንሮጥ ነው፤ የሚበርደን ግን ስንቆም ነው።

ይህን ያስተማረኝ አንድ የጥጥ ካናቴራ ነው። ጠዋቱ ስለቀዘቀዘ ወፍራም ጃኬት ደረብኩ። አርፍጄ ስለነበር እስከ ፌርማታው እየተጣደፍኩ ሄድኩ። ስደርስ ጀርባዬ ርሷል። አውቶቡሱም ዘገየ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ጀርባዬ ላይ በረዶ የተለጠፈብኝ መሰለኝ። ጃኬቱ ምንም አላጠፋም፤ ጉድ የሠራኝ ከሥሩ ያለው ነው። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ልብስ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ አልቦኝ ስቆም ምን ታደርገኛለህ?

ቆዳ የሚነካው፦ ጥጥ፣ ፖሊስተር ወይስ ሜሪኖ

ውሃ ከአየር ይልቅ ከ20 እጥፍ በላይ ሙቀት ያስተላልፋል። ስለዚህ እርጥብ ጨርቅ ሰውነትሽ ላይ ተለጥፎ ከዋለ፣ ከላይ የደረብሽው ሁሉ ግማሽ ሥራው ከንቱ ነው። ጥጥ ላብ ይመጥጣል፣ ይዞ ይቆያል፣ ለመድረቅም ይንቀራፈፋል። ለቤት፣ ለሞቃት ቀን፣ ለእንቅልፍ እወደዋለሁ። በብርድ ለሚሄድና ለሚቆም ሰው ግን አልመክርም።

ፖሊስተር ተቃራኒው ነው። ክሩ ራሱ የሚይዘው እርጥበት የክብደቱን 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ላቡ በክሮቹ መሀል እየተሳበ ወደ ውጭ ይወጣና ይተናል። ማታ አጥበሽ ብታሰጪው ጠዋት ደርቆ ታገኚዋለሽ። ርካሽ ነው፣ ቶሎም አይቀደድም። ችግሩ ሽታ ነው። የሰውነት ቅባት ፖሊስተር ላይ ይጣበቃል፤ ሽታ የሚፈጥሩት ባክቴሪያዎችም እዚያው ይመቻቸዋል። እኔ ሁለት ቀን ደጋግሜ ለብሼው በሁለተኛው ቀን ሊፍት ውስጥ ክንዴን ከጎኔ ሳላላቅቅ ነው የወጣሁት።

ሜሪኖ ከሜሪኖ በግ የሚገኝ ቀጭን ሱፍ ነው። «ሱፍ ይበላኛል» የምትዪ ከሆነ፣ የሚያሳክክሽ የተለመደው ሱፍ ወፍራም ክር ነው። ለውስጥ ልብስ የሚሆነው ሜሪኖ ብዙውን ጊዜ ከ20 ማይክሮን በታች ስለሆነ ቆዳ ሲነካው ይታጠፋል እንጂ አይወጋም። ከክብደቱ ሲሶ የሚደርስ እርጥበት ሲይዝም እርጥብ መሆኑ ብዙም አይታወቅሽም። ሽታ አለመያዙም ይገርማል፤ አራት ቀን ለብሼው ለማሽተት የደፈረች እህቴ «ንጹሕ ነው» ብላ ፈርዳለች።

ግን እንከን አለው። ውድ ነው። ሳሳ ያለው ዓይነት በቦርሳ ማንጠልጠያና በቀበቶ አካባቢ ቶሎ ይበሳል። ብል ይወደዋል፤ ቁም ሣጥን ውስጥ ረስተሽው ከከረምሽ ወንፊት ሆኖ ሊጠብቅሽ ይችላል። እንደ ፖሊስተርም ቶሎ አይደርቅም።

የእኔ ምርጫ? ሮጠሽ ቀጥታ ቤት ገብተሽ የምትታጠቢ ከሆነ ፖሊስተር ይበቃሻል፤ ለሜሪኖ ገንዘብ አታውጪ። ጠዋት ለብሰሽ እስከ ማታ የምትውይው ከሆነ ግን ሜሪኖ። መለያው ላይ 150፣ 200፣ 250 የሚሉ ቁጥሮች ታገኚያለሽ፤ አንድ ካሬ ሜትር ጨርቅ ስንት ግራም እንደሚመዝን ነው የሚናገሩት። 250ው ለብዙ መቀመጥና መቆም፣ 150ው ለብዙ መንቀሳቀስ ነው። አንድ ብቻ የምትገዢ ከሆነ 200ውን ያዢ።

ታይት፦ ቀጭኑ ወይስ ውስጡ ፀጉራሙ

እዚህ ላይ ከብዙ ጓደኞቼ ጋር አልስማማም። ውስጡ እንደ ፍሊስ የለሰለሰው ወፍራም ታይት ሲለበስ ደስ ይላል፤ ጠዋት ከአልጋ ወጥቶ እሱን መልበስ ራሱ ግብዣ ነው። ግን ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ንፋስ ያሳልፋል። ቆመሽ ንፋስ ሲመታሽ ያ ሁሉ ልስላሴ ጭንሽን አያድነውም። ሁለተኛ፣ ማሞቂያ ያለው ቤት ስትገቢ መውለቅ አይችልም። ጃኬት ይወልቃል፣ ሹራብ ይወልቃል፤ ታይት ግን እዚያው ነው። ከሰዓት በኋላውን ወንበር ላይ ስትበስይ ትውያለሽ።

እኔ የምለብሰው መደበኛውን ታይት ነው። ከላዩ ሰፋ ያለ፣ ንፋስ የማያስገባ ስስ ሱሪ እደርባለሁ። ስደርስ አውልቄ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ እከታለሁ። ቀኑን ሙሉ ውጭ የምትውይ ከሆነ ግን ተሸናፊዋ እኔ ነኝ፤ ፀጉራሙን ግዢ።

ጨርቁን በተመለከተ፣ ናይለን የበዛበት ታይት ለስላሳና ጠንካራ ነው፤ ጭንና ጭን ሲፋተግ ይችላል። ፖሊስተር የበዛበት ደግሞ ቶሎ ይደርቃል፣ ዋጋውም ዝቅ ይላል። የሚለጠጠው ክር፣ ስፓንዴክስ ወይም ላይክራ ወይም ኤላስታን የሚሉት፣ ሁሉም አንድ ነገር ነው። ከ15 እስከ 25 በመቶ ካለው ቅርጹን ይይዛል። በጣም ካነሰ ጉልበቱ ላይ ይለቅና ይንዘላዘላል።

መሞከሪያ ክፍል ውስጥ ቆመሽ ብቻ አትፍረጂ። ጠንካራ መብራት ሥር ጀርባሽን ለመስታወቱ ሰጥተሽ አጎንብሺ፤ የውስጥ ሱሪሽ ቀለም ከታየ መልሺው። ቁጭ ብለሽ ተነሺ። ወገቡ ከተጠቀለለ ወይም እጅሽ ሳታስቢው ሊጎትተው ከሄደ፣ ዕድሜ ልክ ስትጎትቺው ትኖሪያለሽ። ፈካ ያለ ግራጫ ላብ አጉልቶ እንደሚያሳይም ልንገርሽ። እኔ የተነገረኝ ከገዛሁ በኋላ ነው።

ጡት መያዣው

ብዙ ሰው ብርድ ሲያስብ ይህችን ይረሳል። ከሁሉ ሥር የምትውል፣ ከሁሉ በኋላ የምትደርቅ እሷ ናት። እ.ኤ.አ. በ1977 አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያው የስፖርት ጡት መያዣ ሲሞከር፣ ሊሳ ሊንዳልና ጓደኞቿ የሰፉት ወንድ ስፖርተኞች የሚለብሱትን ሁለት የብልት መደገፊያ አንድ ላይ አጋጥመው ነበር። እስከዚያ ድረስ ሴቶች እንዴት ሲሮጡ እንደኖሩ እንጃ።

ዛሬ ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ሁለቱንም ደረት ላይ ጠፍጥፎ ይይዛል፤ ለአነስተኛ ጡትና ለእግር ጉዞ በቂ ነው። ሌላው እያንዳንዱን ለብቻ ያቅፋል፤ ለትልቅ ጡትና ለሩጫ የሚሻለው እሱ ነው። በሁለቱም ዋናው ድጋፍ የሚመጣው ከሥር ካለው ቀበቶ ነው፤ ትከሻው ትንሽ ያግዛል እንጂ ጭነቱን አይሸከምም። ከቀበቶው ሥር ሁለት ጣት ከገባ ልክ ነው። ወፍራም ስፖንጅ ያለውን በብርድ ቀን እሸሻለሁ፤ አንዴ ከረጠበ ቀኑን ሙሉ ቀዝቃዛ ፎጣ አቅፎ መዋል ነው። ስፖንጁ የሚወጣ ከሆነ አውጥተሽ ልበሺው። ከፊት ዚፕ ያለውን ግን ሳልደብቅ አደንቃለሁ። በላብ የተጣበቀ ጡት መያዣ በራስ ላይ ለማውለቅ የታገለች ታውቀዋለች።

የሚያሞቀው፦ ፍሊስ፣ ላባ ወይስ ሰው ሠራሽ ሙሌት

ፍሊስ ፀጉራም የፖሊስተር ሹራብ ነው። አየር ያስገባል፣ ቶሎ ይደርቃል፣ እየሄድሽ አያፍንሽም። ንፋስ ሲነሳ ግን ያልለበስሽ ያህል ነው፤ ከላዩ አንድ ነገር ይፈልጋል። ቦርሳ የሚፈትገው ትከሻና ብብት ሥርም ትንንሽ ድቡልቡል ፀጉር ያወጣል።

የላባ ጃኬት የሚሞላው በዳክዬ ወይም በዝይ ለስላሳ የውስጥ ላባ ነው። ከክብደቱ አንጻር እንደሱ የሚያሞቅ የለም፤ ተጠቅልሎም ጡጫ ያክላል። ሻጮች 600፣ 700፣ 800 እያሉ ቁጥር ይጠሩልሻል። ቁጥሩ ላባው ምን ያህል እንደሚነፋ ይናገራል እንጂ ጃኬቱ ውስጥ ስንት ግራም እንዳለ አይናገርም። 800 የተባለ ግን ጥቂት ላባ ያለበት ስስ ጃኬት፣ 600 ተብሎ ጠብሰቅ ካለው ያነሰ ሊያሞቅ ይችላል። ስለዚህ ግራሙን ጠይቂ። ሌላው ጠላቱ ውሃ ነው፤ ከራሰ ይጓጉላል፣ ማሞቁንም ያቆማል።

ሰው ሠራሽ ሙሌት ያለው ጃኬት ትንሽ ይከብዳል፣ እየታጨቀ ሲከርም ደግሞ እየሳሳ ይሄዳል። ግን ሲረጥብ እንኳ የተወሰነ ያሞቃል፤ ለማጠብም አያስጨንቅም።

ሦስቱንም እየቀያየርኩ ለብሼ የደረስኩበት ይህ ነው። ደረቅ ብርድ ባለበት፣ ቀስ ብለሽ የምትሄጂና ብዙ የምትቆሚ ከሆነ ላባ። ዝናብና ጭቃ የሚበዛበት ከሆነ ወይም ልጅ ታቅፊ ከሆነ (ልጅ ያቀፈች ሴት ጃኬት ምን ምን እንደሚፈስበት እናውቃለን) ሰው ሠራሹ። የምትሮጪ፣ ብስክሌት የምትነጂ፣ ደረጃ የምትወጪ ከሆነ ፍሊስ፣ ከላዩም ስስ ንፋስ መከላከያ።

የሴት ጃኬት ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። ወገብ ያሳያል ተብሎ ይጠብባል። ሙቀት የሚይዘው ግን በሙሌቱ መሀል ያለው አየር ነው። ከሥር ሹራብ ለብሰሽ ጃኬቱ ከተጨናነቀ አየሩ ይወጣል፤ ገንዘብ ያወጣሽበት ሙቀትም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ለመሞከር ስትሄጂ የምትለብሺውን ወፍራም ሹራብ ይዘሽ ሂጂ። እጅሽን ወደ ላይ አንሺ፤ ወገብሽ ከታየ ያጥርሻል። እጅሽን ኪስ ውስጥ ክተቺ፤ አንዳንዱ ኪስ ለይስሙላ የተሰፋ ነው። ረጅም ካፖርት ከሆነ ዚፑ ከታችም የሚከፈት ይሁን፤ አለበለዚያ ስትቀመጪ አገጭሽ ድረስ ይወጣል።

ከሁሉ በላይ የሚደረበው ላይ ብዙ አልቆይም። ውሃ የማያስገባ ጃኬት ላይ 10,000 ወይም 20,000 ሚሊ ሜትር ተብሎ ይጻፋል፤ ጨርቁ ሳያሳልፍ የሚችለው የውሃ ቁመት ነው። ለከተማ ዝናብ 10,000ው ያዋጣል። ከቁጥሩ ይልቅ ስፌቱ ከውስጥ በኩል መታሸጉን እዪ፤ ውሃ የሚገባው ብዙውን ጊዜ በመርፌ ቀዳዳ ነው። ብብት ሥር ዚፕ ካለው ደግሞ እሰየው። ካልሲ ስትመርጪም እግርሽን የሚያጨናንቀውን ወፍራም ተዪ፤ ደም በደንብ ካልዞረ ጣትሽ በሱፍ ውስጥም ይበርደዋል።

በየትኛው ልጀምር?

ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ ብዙ ሰው ከጃኬቱ ይጀምራል። እኔ ከውስጥ ጀምሪ እላለሁ። ያለሽን አሮጌ ጃኬት ይዘሽ፣ ጥጡን አውልቀሽ አንድ ጥሩ የውስጥ ልብስና ላብ ይዞ የማይቆይ ጡት መያዣ ብትገዢ ለውጡን በመጀመሪያው ቀን ፌርማታ ላይ ታዪዋለሽ። ቀጥሎ ንፋስ መከላከያ፣ ከዚያ ጃኬት። ታይት መጨረሻ ላይ ይምጣ፤ ያለሽ ታይት እስካልሳሳ ድረስ አያጣድፍም።

ከገዛሽ በኋላ ደግሞ እጥበቱ አለ። ላብ በሚያስወጡ ልብሶች ላይ የጨርቅ ማለስለሻ አትጨምሪ፤ ክሩን ይሸፍነውና ላብ መሳቡን ይቀንስበታል። ሜሪኖውን በ30 ዲግሪ ወይም በቀዝቃዛ ውሃ እጠቢ፣ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ዘርግተሽ አድርቂ። የላባ ጃኬት ማድረቂያ ማሽን ውስጥ፣ በዝቅተኛ ሙቀት፣ ከሁለት ከሦስት ንጹሕ የቴኒስ ኳስ ጋር ይገባል፤ ኳሶቹ እየደበደቡ የተጓጎለውን ላባ ይበትኑታል። ረጅም ሰዓት ይፈጃል፣ ሲንኳኳም ቤቱን ያናውጠዋል። ጎረቤት የተኛበትን ሰዓት አትምረጪ።