«ፎርማት ይደረግ» የማይል ጥገና ቤት

ኮምፒውተር ጥገና ቤት ስትገቡ የሚጠብቃችሁን መልስ ታውቁታላችሁ። ላፕቶፑ ዘገየ? ፎርማት ይደረግ። ድምፅ ጠፋ? ፎርማት ይደረግ። ጌም አልከፍት አለ? ገና ተናግራችሁ ሳትጨርሱ ፎርማት። ዛሬ የምጽፈው ይህን ነገር ቶሎ አፉ ላይ ስለማያመጣ አንድ ጠጋኝ ነው።

ቤቱ መገናኛ ነው። ስሙን ያልጻፍኩት ደብቄ አይደለም፤ ሰሌዳ የለውም። ከሞባይል ሱቆቹ በላይ ባለው ፎቅ፣ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ፣ በሩ ላይ «ጥገና» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ጠባብ ክፍል ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ልጅ፣ ግድግዳው ሙሉ የተፈታታ ላፕቶፕ። ልጅ ያልኩት ከእኔ አንጻር ነው፤ ሠላሳ ሳይሞላው አይቀርም።

እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ የሁለት ልጆች እናት። ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል የከባድ መኪና ጌም እጫወታለሁ። አትሳቁ። አባቴ የአሰብ መስመር ሾፌር ነበር፤ እኔ ግን መንጃ ፈቃድ እንኳን የለኝም። ጌሙ ላይ ተሳቢ ይዤ ወደ ኋላ እየነዳሁ መጋዘን አስገባለሁ። ቀኑን ሙሉ ከቫት ደረሰኝ ጋር ስታገል ለዋለች ሴት ከዚህ የተሻለ እረፍት የለም።

ጌሙ አሮጌ ነው፣ በፈረንጆቹ ከ2010 በፊት የወጣ። የድሮው ላፕቶፔ ማዘርቦርዱ ሲቃጠል ያገለገለ ሌላ ገዛሁ። የእህቴ ልጅ ዊንዶውስ 10 ጭኖ፣ አማርኛ መጻፊያውን አስተካክሎ አስረከበኝ። ጌሙንም ጫንኩት፤ ሲጫን ምንም አላለም። ከዚያ ክሊክ ሳደርገው መጠበቂያዋ ክብ ትንሽ ዞረች፤ በቃ። ኤረር የለ፣ ድምፅ የለ፣ ጥቁር ስክሪን እንኳን የለ። እንደገና ክሊክ፣ ያው።

በመጀመሪያ ሥራ ቦታዬ አጠገብ ያለ ሌላ ቤት ወሰድኩት። «ፎርማት አድርገን አዲስ ዊንዶውስ እንጫንልሽ» አሉኝ። ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ዊንዶውስ ከተጫነለት ገና አንድ ወሩ ነው! «እንግዲያውስ ጌሙ ተበላሽቷል» አሉ። ይዤው ወጣሁ። መገናኛ ያለውን ቤት የነገረችኝ የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ ናት።

እዚህ ልጁ ላፕቶፑን እንኳን ሳይከፍት «እትዬ፣ ጌሙ ከዚህ በፊት ሠርቶ ያውቃል?» ብሎ ጀመረ። ሌላኛው ላፕቶፕ ላይ ይሠራ ነበር አልኩት። «ያው መጫኛ ነው?» አዎ። «ይሄኛው ላይ አንድ ቀንም ተከፍቶ አያውቅም?» አያውቅም። «እሺ፣ እንግዲያው ጌሙን ትተን ላፕቶፑን እንጠይቀው።»

ወንበሩን ሳብ አድርጎ አጠገቡ አስቀመጠኝ። ፓስወርዴን አልጠየቀኝም፤ ላፕቶፑን ወደ እኔ አዙሮ ራሴ እንድጽፈው አደረገ። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። የቤተሰብ ፎቶ፣ የመሥሪያ ቤት ፋይል ያለበትን ዕቃ «ትተሽው ሂጂ፣ ነገ ነይ» ሲሉኝ ደስ አይለኝም። ሴቶች ስለምን እንደማወራ ይገባችኋል።

እየሠሩ ያሉ ፕሮግራሞችን የሚዘረዝረውን ታስክ ማኔጀር ከፍቶ ጌሙን አስነሳው። የጌሙ ስም ከዝርዝሩ ላይ ብልጭ ብሎ ጠፋ። «አዩት? ይነሳል። ተነስቶ ነው የሚሞተው። ጨርሶ የማይነሳው ሌላ በሽታ ነው» አለኝ። ከዚያ ዊንዶውስ ውስጥ ያለውን የብልሽት መዝገብ ከፈተ። ሪላያቢሊቲ ሞኒተር ይባላል፤ የትኛው ፕሮግራም በየትኛው ቀን እንደወደቀ በቀይ ምልክት ያሳያል። እንዲህ ያለ ነገር ላፕቶፔ ውስጥ መኖሩን አላውቅም ነበር። እናንተም ስታርት ላይ ሪላያቢሊቲ ብላችሁ በእንግሊዝኛ (reliability) ብትጽፉ ይመጣል። የእኔ ጌም እዚያ በቀይ ተደርድሯል፤ ምክንያቱ ግን በቁጥርና በኮድ ስለሆነ ለእኔ የሚነግረኝ ነገር አልነበረም።

ቀጥሎ የተለመዱትን አጣራ። አንቲቫይረሱ ከጌሙ ፋይሎች የበላው እንዳለ የዊንዶውስ ዲፌንደርን ታሪክ አየ፤ የለም። የግራፊክስ ድራይቨሩን፣ ማለትም የምስል ክፍሉን የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ አየ፤ ደህና ነው። ላፕቶፔ ሁለት ግራፊክስ ስላለው ጌሙን በጠንካራው እንዲያስነሳ ከዲስፕሌይ ሴቲንግ ላይ መረጠለት፤ ለውጥ የለም። ብዙ ጌሞች ለመነሳት የሚፈልጉትን፣ ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ የሚባለውን የማይክሮሶፍት ጥቅል በሁለቱም ዓይነት፣ ባለ 32 ቢቱንም ባለ 64 ቢቱንም፣ ጫነ። ዊንዶውሱ 64 ቢት ቢሆንም አሮጌ ጌም ባለ 32ቱን ነው የሚፈልገው። ጌሞች ምስልና ድምፅ የሚያወጡበት ዳይሬክት ኤክስም እንደዚያው ነው። ዊንዶውስ 10 ዳይሬክት ኤክስ 12 ይዞ ይመጣል፤ አሮጌዎቹ ጌሞች የሚጠሯቸው የዳይሬክት ኤክስ 9 ተጨማሪ ፋይሎች ግን አብረው አይመጡም። እነሱ ያሉት ማይክሮሶፍት በጁን 2010 ባወጣው ጥቅል ውስጥ ነው። ልጁ ሁሉንም በፍላሽ ይዞታል፤ ለማውረድ ፓኬጅ አላቃጠለም። «ዲኤልኤል ጠፋ የሚል ኤረር ሲመጣ ሰው ከማያውቀው ሳይት አንዷን ፋይል አውርዶ ይለጥፋል። ቫይረሱ አብሮ ይመጣል» አለ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ።

ጌሙ ግን አሁንም ያው ነው።

መሐል ላይ አንድ ጎረምሳ የዴስክቶፕ ሳጥን ተሸክሞ ገባ። ጌሙ አካውንቱ ውስጥ አላስገባ ብሎታል፣ ኢንተርኔቱ ግን ይሠራል። ልጁ ሰካና ሰዓቱን አየ። ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ሄዷል። ከመሳቢያው ሲአር2032 የምትባለውን ክብ ባትሪ አወጣ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ቀየረ፣ ቀኑን አስተካከለ፣ አለቀ። ኮምፒውተሩ ከሶኬት ሲነቀል ወይም መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን የምትጠብቀው እሷ ናት። ቀኑ ሲዛባ ደግሞ የጌሙ ሰርቨር የደኅንነት ሰርተፍኬት ጊዜው የተሳሳተ ይመስልና ግንኙነቱ ይቋረጣል። ጎረምሳው የባትሪዋን ብቻ ከፍሎ ወጣ። ሌላ ቤት ቢሄድ ምን ይሉት እንደነበር እናንተው ሙሉት።

ወደ እኔ ተመለሰ። ጌሙ የተጫነበትን ፎልደር ከፍቶ ሎግ የሚል ትንሽ የጽሑፍ ፋይል አገኘ። ጌሙ ሲነሳ የሚያደርገውን በየመስመሩ የሚመዘግብበት ነው። በኖትፓድ ከፈተውና ወደ ታች ወረደ። መጨረሻው መስመር ላይ የፎልደር አድራሻ አለ። ሲ ድራይቭ፣ ዩዘርስ፣ ከዚያ አራት የጥያቄ ምልክት ተደርድሯል። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ጌሙ የሞተው እዚያ ላይ ነው።

«እትዬ፣ ይሄ ላፕቶፕ ላይ ስምዎ ምን ተብሎ ነው የተጻፈው?»

ዩዘርስ የሚለውን ፎልደር ከፈተ። ውስጡ «አክስቴ» የሚል ፎልደር ተቀምጧል። በአማርኛ። የእህቴ ልጅ ነው። አራት ፊደል፣ አራት የጥያቄ ምልክት። ሁለታችንም ሳቅን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም የዓለም ቋንቋዎችን ፊደላት አንድ ላይ በያዘው የኮምፒውተር ሠንጠረዥ ውስጥ፣ የገባው በ1999 በወጣው ስሪት 3.0 ነው። ዛሬ ያለው ዊንዶውስ ያለ ችግር ያነበዋል፤ ፎልደርም ፋይልም በአማርኛ መሰየም ይቻላል። አሮጌ ጌሞች ግን ብዙዎቹ የተጻፉት በድሮው ዘዴ ነው። በድሮው ዘዴ ኮምፒውተሩ በአንድ ጊዜ አንድ የፊደል ሠንጠረዥ ይይዛል፤ በተለመደው ሠንጠረዥ ደግሞ ያለው ቦታ 256 ብቻ ነው። እዚያ ውስጥ የሌለ ፊደል ሲመጣ በጥያቄ ምልክት ይተካል። ዊንዶውስ ደግሞ በፋይልና በፎልደር ስም ውስጥ የጥያቄ ምልክት አይፈቅድም። ስለዚህ ጌሙ ሴቭ የሚያደርግበትን ቦታ ፍለጋ ሄደ፣ ሊኖር የማይችል አድራሻ ደረሰው፣ ወደቀ። ኤረር ለማሳየት እንኳን አልታደለም።

ሪጅኑን፣ የዊንዶውሱን የአገርና የቋንቋ ምርጫ ማለቴ ነው፣ አማርኛ ኢትዮጵያ ብናደርገውስ አልኩት። ጥሩ ጥያቄ ነው ብሎኝ ግን አይሠራም አለ። ለሩሲያኛ፣ ለዐረብኛ በዊንዶውስ የየራሳቸው ሠንጠረዥ አላቸው። ለአማርኛ እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ ተሠርቶ አያውቅም፤ እኛ በቀጥታ ዩኒኮድ ላይ ነው የገባነው። አሮጌ ፕሮግራሞችንም ዩኒኮድ እንዲያነቡ የሚያደርግ አንድ ምልክት ማድረጊያ ዊንዶውስ ውስጥ አለ፤ አጠገቡ ግን «ቤታ»፣ ገና በሙከራ ላይ ያለ፣ የሚል ተጽፎበታል። «ጌምዎ ይከፈትና የሒሳብ ፕሮግራምዎ ፊደል ቢምታታስ? በደንበኛ ዕቃ ላይ ቤታ አልሞክርም» አለኝ። ወደድኩት። የራሳችን ፊደል በገዛ ላፕቶፓችን ላይ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ማየት ግን ያናድዳል፣ ልደብቃችሁ አልችልም።

መፍትሔው ቀላል ሆነ። ስሙን ከሴቲንግ ላይ መቀየር ብቻ አይጠቅምም፤ መግቢያው ላይ የሚታየው ስም ይቀየራል እንጂ ፎልደሩ በድሮ ስሙ ይቀራል። ፎልደሩን በግድ መቀየር ደግሞ ዊንዶውሱን ሊያመሰቃቅለው ይችላል። ስለዚህ በላቲን ፊደል አዲስ አካውንት ከፈተልኝ፣ ፋይሎቼን አንድ በአንድ እያሳየኝ አዛወረ፣ ከዚያ መግቢያው ላይ የሚታየውን ስም ብቻ መልሶ «አክስቴ» አደረገው። ፎልደሩ በላቲን፣ እኔ በአማርኛ። ጌሙን ክሊክ አደረግኩት። የሞተሩ ድምፅ መጣ። ጎረምሳ አልሆን ብዬ እንጂ እልል ልል ነበር።

ሌላ መስማት ያለብኝን ነገርም ሳልጠይቀው ነገረኝ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። «ለዚህ ጌም ምንም አይደለም፤ ባንክና ኢሜይል የሚጠቀሙበት ከሆነ ግን ያስቡበት» አለ። ዛሬውኑ ዊንዶውስ 11 ልጫንልሽ ብሎ አላስጨነቀኝም።

አሁን ወደ ነቀፌታዬ። ደረሰኝ የለውም። ሒሳብ ሠራተኛ ፊት ተቀምጦ 400 ብር በእጅ መቀበል ድፍረት ነው፤ ነገርኩት፣ ሳቀ። መሳቅ መልስ አይደለም። ስልክ አያነሳም፤ ቀጠሮ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ቀድሞ የገባ ይቀድማል። የደንበኛ ወንበሩ አንድ ናት፣ እሷም እግሯ ይወዛወዛል። ሦስተኛ ሰው ከመጣ ኮሪደር ላይ ነው የሚቆመው። ሙዚቃውን ከፍ አድርጎ ነው የሚሠራው፤ ቀንሰው ስትሉት ይቀንሳል፣ ትንሽ ቆይቶ ይረሳል።

ሥራው ደግሞ ቀስ ይላል። ቸኩላችሁ ከሆነ አትሂዱ። እያንዳንዷን ነገር አንድ በአንድ እየቀየረ፣ በየመሐሉ እየሞከረ ነው የሚሄደው። አምስት ነገር በአንዴ ከቀየርክ የትኛው እንደሠራ አታውቅም ባይ ነው። አጠገቡ ተቀምጦ ላየው ሰው ይህ ያስደስታል፤ ምሳ ሰዓቱን ሰርቆ ለመጣ ሰው ግን ሆድ ያስብሳል።

ዋጋውን በተመለከተ፣ ፎርማት ቢያደርግልኝ ኖሮ ከዚህ ብዙም የማይርቅ ነበር የምከፍለው። ፎርማት ተደርጎ የእህቴ ልጅ እንደገና «አክስቴ» ብሎ ቢሰይመው ደግሞ ጌሙ ያው አይከፈትም ነበር።

የምትሄዱ ከሆነ ቅዳሜን ተዉት፤ ተማሪው ሁሉ የሚመጣው ያን ቀን ነው። ዴስክቶፕ ከሆነ ሳጥኑን ብቻ ውሰዱ፣ ሞኒተር አለው። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን አትርሱ። የጌሙን መጫኛ በፍላሽ ያዙ፤ ዋይፋዩ ለትልቅ ጌም አይሆንም። ብሩንም ዘርዝራችሁ ያዙ፣ መልስ የለውም፤ ቴሌብር ግን ይቀበላል።