ከባሕር ዳር እስከ ዋሽንግተን፦ የርቀት መለኪያውና የትኬት ቢሮው

ከዋሽንግተን ወደ ባሕር ዳር ለዘመድ ጥየቃ በመጣሁበት ጊዜ ከተጠቀምኩባቸው አገልግሎቶች መካከል ስለ ሁለቱ አስተያየቴን አሰፍራለሁ። አንደኛው በሁለት አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ያለውን ርቀትና የበረራ ጊዜ የሚያሰላ የኢንተርኔት አገልግሎት ሲሆን፣ ሁለተኛው የመመለሻ ጉዞዬን ያስተካከለልኝ በከተማው የሚገኝ አነስተኛ የትኬት ቢሮ ነው።

መለኪያው በኪሎ ሜትር በኩል እንከን አልተገኘበትም። ከዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ቦሌ 11,560 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከቦሌ እስከ ባሕር ዳር ደግሞ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰጣል። ስሌቱ የሁለቱን ቦታዎች ኬክሮስና ኬንትሮስ ወስዶ በክቧ ምድር ገጽ ላይ ከሁሉ የሚያጥረውን መስመር ስለሚከተል፣ በደብረ ማርቆስ በኩል የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ ወደ 550 ኪሎ ሜትር የሚጓዘውን አውቶቡስ ለለመደ ሰው ቁጥሩ ማነሱ አይቀርም። የረጅሙ መስመር አካሄድ ከዚህም ይበልጥ ያስገርማል። አዲስ አበባ ከዋሽንግተን እጅግ ወደ ደቡብ ብትርቅም፣ አጭሩ መንገድ መጀመሪያ ወደ ሰሜን ምሥራቅ አቅንቶ፣ በአትላንቲክ ላይ እስከ 45 ዲግሪ ሰሜን ግድም ከወጣ በኋላ በፖርቱጋልና በስፔን በኩል ሰሃራን አቋርጦ ይወርዳል። የሚጠራጠር ሰው በሉል ላይ ክር ወጥሮ ይመልከት።

ድክመቱ ያለው በሰዓቱ ላይ ነው። ርቀቱን ለአንድ ወጥ ፍጥነት ስለሚያካፍል፣ ለመምጫውም ለመመለሻውም አንድ ዓይነት፣ 13 ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ ያሳያል። ወደ ምሥራቅ ሲመጡ በከፍታ ላይ ያለው ነፋስ ከኋላ ስለሚገፋ ግምቱ ብዙም አይስትም፤ በመመለሻው ግን ያው ነፋስ ከፊት ይመጣል። በዚያ ላይ ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የሚገኝ በመሆኑ፣ በሳሳው አየር ምክንያት የሞተሩ ግፊትም የክንፉ የማንሣት አቅምም ስለሚቀንስ፣ አውሮፕላኑ ሙሉ ጭነትና ለረጅሙ መንገድ የሚበቃ ነዳጅ በአንድነት ይዞ ለመነሣት ይቸገራል። የአየርላንዷ ደብሊንና የቶጎዋ ሎሜ ለዋሽንግተኑ በረራ የነዳጅ መሙያ ሆነው ያገለገሉት በዚህ የተነሣ ነው፤ ስሌቱ ግን ይህን አያውቅም። ለባሕር ዳሩ በረራም ግማሽ ሰዓት የማይሞላ ጊዜ ያሳያል። ባለ ፕሮፔለሩ ዳሽ 8 አውሮፕላን ከጄት ያነሰ ፍጥነት ያለው ከመሆኑም ሌላ፣ ትኬቱ ላይ የሚታተመው ከመቆሚያ ተነሥቶ መቆሚያ እስኪደርስ ያለው ስለሆነ አንድ ሰዓት ያህል ይሆናል።

የትኬት ቢሮዋ ሠራተኛ በዚህ ረገድ ከማሽኑ በልጣ ተገኝታለች። የታተመውን ወረቀት ከመስጠቷ በፊት «19:00» ከሚለው ጎን በእስክሪብቶ «ማታ 1 ሰዓት» ብላ ጻፈችና፣ «ጋሼ፣ ይሄ በእኛ ነው፤ ኤርፖርት ሰሌዳው ላይ ግን የታተመውን ይፈልጉ» አለችኝ። መነሻና መድረሻው እያንዳንዳቸው በየአገሩ ሰዓት ስለሚጻፉ፣ አንዱን ከሌላው ቀንሶ የበረራ ጊዜ ማውጣት እንደማይቻልም አስረዳችኝ። ለምሳሌ በበጋቸው ወራት ዋሽንግተን በ7 ሰዓት ወደ ኋላ ስለምትሆን፣ ከቦሌ 22:30 ተነሥቶ በማግስቱ 08:00 የሚደርስ በረራ 9 ሰዓት ተኩል ሳይሆን 16 ሰዓት ተኩል ፈጅቷል ማለት ነው። ከባሕር ዳር የሚነሣው የመጨረሻ በረራ ቢዘገይ ዋናው እንደሚያመልጠኝ አይታ ቀደም ያለውን የያዘችልኝም እሷው ናት። የቢሮው የአገልግሎት ክፍያ የተነገረኝ ግን ትኬቱ ከተቆረጠ በኋላ ስለነበር፣ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ዋጋውን አስቀድሞ ቢጠይቅ ይሻለዋል።