የስካዳ ቁጥጥር በፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያችን፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያችን በስካዳ (መሣሪያዎችን ከአንድ ቦታ በኮምፒውተር የሚከታተልና የሚቆጣጠር) ሥርዓት መመራት ከጀመረ ወራት ተቆጥረዋል። ፓምፕ ማስነሳትና ማቆም፣ ፍሰት መመዝገብ፣ ዕለታዊ ሪፖርት ማውጣት ያለ እንከን ይሠራል። የምጽፈው ስለ ኦክስጅን ሴንሰሩ ነው።

ሥርዓቱን የገዛነው በዋነኛነት ለእርሱ ሲባል ነበር። በአክቲቬትድ ስላጅ ዘዴ (አየር በሚነፋላቸው ባክቴሪያዎች ፍሳሹን በማጣራት) በሚሠራ ጣቢያ ብዙውን ጊዜ ከኤሌክትሪኩ ግማሽ ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ የሚፈጁት ወደ ገንዳው አየር የሚነፉት ብሎወሮች ናቸው። ሴንሰሩ በውኃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ይለካል፤ ፒኤልሲው (መሣሪያዎቹን የሚያዝዘው የቁጥጥር ኮምፒውተር) ደግሞ ንባቡ በሊትር 2 ሚሊግራም ላይ እንዲረጋ የብሎወሮቹን ፍጥነት ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ዛሬም እከራከርለታለሁ።

ነገር ግን ሴንሰሩ የሚውለው ባክቴሪያ በሞላበት ገንዳ ውስጥ ስለሆነ፣ ጫፉ ላይ ቡናማ ዝልግልግ ሽፋን ይጋገርበታል፤ በሽፋኑ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎችም ኦክስጅኑን ሴንሰሩ ጋ ሳይደርስ ይጨርሱታል። በዚህ ምክንያት ሴንሰሩ ከእውነተኛው መጠን አሳንሶ ያነባል፤ ፒኤልሲውም አየር ያነሰ መስሎት ብሎወሮቹን ያስሮጣል። ይበልጥ ያስቆጣኝ ስክሪኑ ነው። ቁጥጥሩ የተሳሳተውን ንባብ ራሱን እየጎተተ 2 ላይ ስለሚያቆመው፣ ግራፉ ቀጥ ብሎ የረጋ መስመር ያሳያል፤ ያየው ሁሉ ጣቢያው ጤነኛ ነው ይላል። በእጅ የሚያዝ መለኪያ ከጎኑ ሲነከር ግን ከ5 በላይ አነበበ። ሽፋኑን በለስላሳ ጨርቅ ጠርገን ሴንሰሩን ስንመልሰው ቁጥሩ ሽቅብ ወጣ፤ የብሎወሮቹም ጩኸት እየረገበ ሄደ።

ጉዳቱ በኤሌክትሪክ ብቻ አያበቃም። ናይትሬት (ከፍሳሹ መወገድ ያለበት የናይትሮጅን ውህድ) የሚወገደው የሟሟ ኦክስጅን በሌለበት ክፍል ነው፤ ትርፍ ኦክስጅን የያዘ ውኃ ወደዚያ ሲመለስ ባክቴሪያዎቹ ናይትሬቱን ትተው ኦክስጅኑን ይጠቀማሉ፣ ለሥራው የሚያስፈልገውም ካርቦን በከንቱ ያልቃል።

ሻጩ «ኦፕቲካል (በብርሃን የሚለካ) ስለሆነ ጥገና አይፈልግም» ብሎን ነበር። በእርግጥ እንደ ቀድሞዎቹ ሴንሰሮች ኤሌክትሮላይት (በውስጡ የሚሞላ ፈሳሽ) አይቀየርለትም፤ ይህ ማለት ግን አይቆሽሽም ማለት አይደለም። የካቢኔ በር ሲከፈት ሳይቀር ማንቂያ የሚያሰማ ሥርዓት፣ የሚገባው ፍሳሽና የብክለት ጫናው ሳይጨምሩ የአየር ፍሰቱ ከቀን ቀን ሲያሻቅብ ስለምን ዝም ይላል? የአየር ፍሰቱ መረጃ እኮ በእጁ ነው። «ያ ተጨማሪ አገልግሎት ነው» የሚለኝ ሻጭ ቢኖር፣ መለኪያው መታመኑን ማወቅ ተጨማሪ ሳይሆን ሌላው ሁሉ የቆመበት መሠረት ነው ብዬ እሞግተዋለሁ።

እንደገና ትገዛዋለህ ወይ ብባል፣ በዚህ መልኩ ከሆነ አልገዛውም። ለመግዛት የምታስቡ በተጨመቀ አየር ራሱን የሚያጸዳ ሴንሰር ጠይቁ፤ የአየር ፍሰቱን ከሚገባው ፍሳሽ ጋር እያነጻጸረ የሚያስጠነቅቅ ማንቂያም በውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍላችሁ።