ለቲጄ መግቢያ የከፈልኩበት የቅዳሜ ክፍል

ልጄ ስምንተኛ ክፍል ሲገባ፣ ለቲጄ፣ ማለትም ለቶማስ ጀፈርሰን የሳይንስና ቴክኖሎጂ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ማመልከቻ የሚያዘጋጅ የግል ቱቶሪንግ አስገባሁት። ስምንት ቅዳሜ፣ 900 ዶላር። ስማቸውን አልጠራም። እዚህ ቨርጂኒያ፣ ፌርፋክስ ካውንቲ እንዲህ ያለ ቦታ ስለሚበዛ ለሌላ ወላጅ ይጠቅም ይሆናል ብዬ ነው የምጽፈው።

የሒሳብና የሳይንሱ ክፍል በጣም ጥሩ ነው። አስተማሪው ወጣት ነው፤ መልሱን ብቻ አይቶ አያልፍም። "እንዴት ደረስክበት? ጽፈህ አስረዳኝ" ይላል። ልጄ ስሌቱን ቶሎ ይጨርሳል፣ ማስረዳት ግን ይሰለቸው ነበር። በአራተኛው ቅዳሜ ለውጡን በዓይኔ አየሁ።

ያናደደኝ ሌላው፣ ልጁ ስለራሱ መጻፍ የሚለማመድበት ክፍል ነው። ለምን እንደሆነ እንዲገባችሁ ከመግቢያው ደንብ ልጀምር። ቲጄ እስከ 2020 ድረስ በፈተና ነበር የሚያስገባው። ለማመልከት ብቻ 100 ዶላር ይከፈል ነበር። በዚያ ዓመት ቦታ ካገኙት 73 በመቶው የእስያ ዝርያ ያላቸው ሲሆኑ፣ ጥቁር ልጆች አስር እንኳ አልሞሉም። ከዚያ ፈተናውም ክፍያውም ቀረ። አሁን ቢያንስ 3.5 ጂፒኤ (አማካይ ውጤት)፣ አንድ የችግር መፍቻ ጽሑፍ፣ እንዲሁም ልጁ ስለራሱ የሚጽፈው ይጠየቃል። ከየመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ 1.5 በመቶ ለሚሆኑ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ቦታ ይያዛል። መራጮቹ የልጁን ስምም ዘርም አያዩም። በመጀመሪያው ዓመት ጥቁር ልጆች 7 በመቶ ገደማ ሆኑ።

ልጄ ስለራሱ ጻፍ ሲባል የጻፈው ስለ አያቱ ነው። ሐኪም ቤት አብሯት ገብቶ የስኳር መድኃኒቷን አወሳሰድ ያስተረጉምላታል። የዚህ ክፍል አስተማሪ ሰርዛ "ሮቦቲክስ ክለብ" የሚል አስገባችበት። የልጄ ትምህርት ቤት ሮቦቲክስ ክለብ የለውም! ቢሮ ገብቼ ስናገር "የሚያስገባው እንዲህ ያለው ነው" አሉኝ። ደንቡ የተቀየረው እኮ የልጁ የራሱ ሕይወት እንዲታይ ነው።

አንድ ቅዳሜ ስንጠብቅ ከአንዲት ህንዳዊት እናት ጋር ስለ አዲሱ ደንብ አወራን። ከሌሊት ሥራ በቀጥታ ነው የመጣችው። "አጥኑ ተባልን፣ ልጆቻችን አጠኑ። ምን አጠፉ?" አለችኝ። ምንም አላጠፉም። አዲሱን ደንብ እደግፋለሁ፤ ወላጆች ከሰውትም በ2023 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለትምህርት ቦርዱ ፈረደ፣ በ2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አላይም አለ። የሷ ጥያቄ ግን እስካሁን ከውስጤ አልወጣም።

ልጄ ለማመልከቻው በጻፈበት ዕለት የአያቱን ታሪክ ነው የጻፈው። ውጤቱን እየጠበቅን ነው።

ልጃችሁን ለማስገባት ካሰባችሁ፣ ለሒሳቡ ክፍል ብቻ መክፈል ይቻል እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። እኔ ሳልጠይቅ ሙሉውን ከፈልኩ።