ማስጠንቀቂያ፦ የመጨረሻውን ተቀናቃኝ ባሸነፋችሁ ቅጽበት ሴቩን የሚበላ የፖኬሞን ካሴት

ያገለገለ የፖኬሞን ካሴት ልትገዙ ከሆነ ገንዘቡን ከማስረከባችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ሻጩ ፊታችሁ ከፍቶ «ይኸው ይሠራል፣ ሴቭም ያደርጋል» ቢላችሁ ስለ ካሴቱ ገና ምንም አላወቃችሁም። በብዛት ሰው የሚበላባቸው በ2004 ለጌም ቦይ አድቫንስ የወጡት ፋየርሬድ፣ ሊፍግሪን እና ኤመራልድ ናቸው። የዲኤስ (ከጌም ቦይ አድቫንስ ቀጥሎ የመጣው የኒንቴንዶ መጫወቻ) ካሴቶችም አሉበት፤ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

የሻጩ ማሳያ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ፋየርሬድ ይከፈታል፣ ለተጫዋቹም ለተቀናቃኙም ስም ይወጣል፣ ከፕሮፌሰር ኦክ ጠረጴዛ ላይ አንድ ፖኬሞን ይነሣል። ተቀናቃኙ የእናንተን የሚረታውን ዓይነት ያነሣና እዚያው ላቦራቶሪ ውስጥ ይገጥማችኋል። ከዚያ ሴቭ፣ ማጥፋት፣ እንደገና መክፈት። ስሙም ፖኬሞኑም እንዳሉ ናቸው። ገዢው ደስ ብሎት ይከፍላል። ፎርጅዱ ካሴት ግን ይህን ሁሉ ያለችግር ያልፋል፤ የሚወድቀው ከብዙ ሰዓት ጨዋታ በኋላ ነው።

ተቀናቃኙን በፋየርሬድ ደጋግማችሁ ታገኙታላችሁ። ከላቦራቶሪው ቀጥሎ ሩት 22 ላይ (ይህን መዝለል ይቻላል)፣ ሴሩሊያን ከተማ፣ ኤስ ኤስ አን መርከብ ውስጥ፣ ላቬንደር ባለው የፖኬሞን ግንብ፣ ሳፍሮን በሲልፍ ኩባንያ ሕንፃ፣ እንደገና ሩት 22፣ በመጨረሻም ኢሊት ፎርን (መጨረሻ ላይ የሚገጥሟችሁን አራት ጠንካራ ተጋጣሚዎች) ካለፋችሁ በኋላ ቻምፒዮን ሆኖ ይጠብቃችኋል። እዚህ ሁሉ ቦታ ፎርጅዱ ካሴት እንደ ደህናው ይሄዳል። ቻምፒዮኑን ስታሸንፉ ኦክ ይመጣል፣ ወደ ሆል ኦፍ ፌም (ያሸነፈው ቡድናችሁ የሚመዘገብበት ክፍል) ይወስዳችኋል፣ ጌሙ በራሱ ሴቭ ያደርጋል፣ የሠሪዎቹ ስም ዝርዝር ያልፋል። ከዚያ ስትከፍቱ ሴቩ ተበላሽቷል የሚል መልእክት ይመጣል፤ ወይም ከናካቴው ሴቭ የለም፣ ከአዲስ ጀምሩ ይላችኋል።

ለምን እዚያ ላይ? ጉዳዩ የማስታወሻ ቺፑ መጠን ነው። የእነዚህ ጌሞች ኦሪጅናል ካሴት ለሴቭ 128 ኪሎባይት ፍላሽ አለው፤ ይህም እያንዳንዳቸው 4 ኪሎባይት በሆኑ 32 ክፍሎች ይከፈላል። ጌሙ ሁለት የሴቭ ቦታዎች ይይዛል፤ እያንዳንዱ ቦታ 14 ክፍል ይወስዳል። አንድ ጊዜ የመጀመሪያው ላይ፣ ቀጣዩን ጊዜ ሁለተኛው ላይ እየተፈራረቀ ይጽፋል። አንዱ ሲጻፍ መብራት ቢጠፋ ሌላው እንዲተርፍ ነው። የሆል ኦፍ ፌም መዝገብ ግን ከሁለቱ ውጭ፣ ከመጨረሻዎቹ 4 ክፍሎች ሁለቱ ላይ ይቀመጣል፤ እነዚህን ክፍሎች ከቻምፒዮኑ ውጊያ በፊት የሚነካቸው የለም።

አሁን ፎርጅድ ሠሪው 64 ኪሎባይት ብቻ የሆነ ርካሽ ቺፕ ገጥሞ፣ የጌሙን ኮድ ቺፑን እንዲቀበል ቆርጦ ቀጥሎታል እንበል። ጌሙ ወደ ላይኛው ግማሽ ልጻፍ ሲል ጽሑፉ ተመልሶ የታችኛው ግማሽ ላይ ይወድቃል። በተለመደው ሴቭ ይህ አይታይም፤ አዲሱ ሴቭ አሮጌውን ይደመስሳል እንጂ አዲሱ ራሱ ሙሉ ስለሆነ ስትከፍቱ ይነበባል። ቻምፒዮኑን ስታሸንፉ ግን ጌሙ መጀመሪያ ዋናውን ሴቭ ይጽፋል፣ ከዚያ ሆል ኦፍ ፌምን ያስከትላል። ይህ ሁለተኛው ጽሑፍ አሁን የተጻፈው ሴቭ ላይ፣ የፖኬሞን ሳጥኖቻችሁ በሚቀመጡበት ክፍል ላይ ሊያርፍ ይችላል። ማረፉና አለማረፉ ደግሞ በዚያ ዙር ተራው የየትኛው የሴቭ ቦታ እንደሆነ ይወሰናል። ሁለት ሰው ከአንድ ሻጭ አንድ ዓይነት ካሴት ገዝተው አንዱ ሴቩ ሲጠፋበት ሌላው «የኔ ምንም አልሆነ» ሊል የሚችለው ለዚህ ነው። የእሱ ምስክርነት እንዳያዘናጋችሁ።

ከዚህ የሚወጣ ጥሩ ፈተና አለ። ሻጩ «ጌሙ ተጨርሷል» ካለ ፖኬሞን ሴንተር ግቡ፣ ኮምፒውተሩን ከፍታችሁ ሆል ኦፍ ፌምን እዩ። ቡድኑ ከታየ አየን ብላችሁ አትቁሙ። ውጡ፣ ሴቭ አድርጉ፣ አጥፉ፣ ክፈቱ፣ እንደገና ሴቭ አድርጉ፤ ሁለቱም የሴቭ ቦታዎች መጻፍ ስላለባቸው ሁለት ጊዜ ግድ ነው፣ አራት ጊዜ ቢሆን ይመረጣል። ከዚያ ተመልሳችሁ ሆል ኦፍ ፌምን ክፈቱ። መረጃው ተበላሽቷል የሚል ጽሑፍ ከመጣ ማስታወሻው ተደራርቧል፤ ካሴቱን መልሱለት። ጌሙ ገና ጅምር ከሆነ ይህን ፈተና ማድረግ አይቻልም፤ ያኔ ፍርዱን የምትሰጡት በአካሉ ነው።

ስለ አካሉ። ኦሪጅናል የጌም ቦይ አድቫንስ ካሴት ታችኛው ጫፉ ላይ፣ ከወርቃማ ጥርሶቹ ከፍ ብሎ ቦርዱ ላይ የኒንቴንዶ ስም ተጽፎ ይታያል፤ ሳትፈቱት በብርሃን አዘንብላችሁ ማየት ትችላላችሁ። ሌብሉ ላይ ደግሞ በጣት ስትዳብሱት የሚሰማ፣ ያለቀለም ተጭኖ የታተመ ትንሽ የቁጥር ምልክት አለ፤ በሰያፍ ብርሃን ካልሆነ አይታይም። ኤመራልድ ከሆነ ፕላስቲኩ ብርሃን የሚያሳልፍ አረንጓዴ መሆን አለበት። ሌብሉ ላይ ያለው ኮድም ይረዳል፦ የፋየርሬድ አራት ፊደላት በእንግሊዝኛ ቢ፣ ፒ፣ አር፣ ኢ፤ የሊፍግሪን ቢ፣ ፒ፣ ጂ፣ ኢ፤ የኤመራልድ ቢ፣ ፒ፣ ኢ፣ ኢ ናቸው። የመጨረሻዋ ኢ የአሜሪካውን እትም ታመለክታለች፤ በሌላ ቋንቋ እትሞች ትቀየራለች። የፋየርሬድ ሌብል ላይ የሌላ ጌም ኮድ የታተመበት ፎርጅድ አለ። ኮዱ ትክክል መሆኑ ግን ኦሪጅናልነቱን አያረጋግጥም፤ ሌብል መገልበጥ ከሁሉም ቀላሉ ሥራ ነው።

ማሸነፊያው ካሴቱን መክፈት ነው። ሦስት ክንፍ ያለው ካቻቢቴ ያስፈልጋል፤ ለአሮጌዎቹ ጌም ቦይ ካሴቶች ደግሞ 3.8 ሚሊሜትር ልዩ መፍቻ። ውስጡ ቺፖቹ በግልጽ የተጻፈባቸው አራት ማዕዘን ናቸው፣ ቦርዱም ላይ የኒንቴንዶ ስም አለ። በቺፕ ፈንታ ቦርዱ ላይ የፈሰሰ ጥቁር ክብ ማስቲሽ ካያችሁ ፎርጅድ ነው፤ ክርክር አያስፈልገውም። ኤመራልድ ውስጥ ባትሪ አለ። ፋየርሬድ እና ሊፍግሪን ውስጥ ግን የለም፣ ኖሮም አያውቅም፤ ሰዓት የላቸውም፣ ሴቩም ያለ ባትሪ ይቀመጣል። ስለዚህ «ፋየርሬድ፣ ባትሪው አዲስ የተቀየረ» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ ሻጩ ራሱ ፎርጅድ መሆኑን ነግሯችኋል ማለት ነው።

በኤመራልድ ላይ የባትሪ ጉዳይ በጥንቃቄ መታየት አለበት። ስትከፍቱት የውስጥ ባትሪው አልቋል ካለ ያ ብቻውን ፎርጅድ አያሰኘውም፤ ኦሪጅናሉም ከእድሜው የተነሣ እንዲሁ ይላል። ጌሙ ይጫወታል፣ ሴቩም አይጠፋም፤ የሚቆሙት እንደ ቤሪ ማደግና የሾል ዋሻ ማዕበል ያሉ በሰዓት የሚሄዱ ነገሮች ናቸው። ባትሪው ሲአር 1616 ነው። አዲስ ባትሪ ገብቶም መልእክቱ ከቀጠለ ግን ውስጡ የሰዓት ቺፕ ላይኖር ይችላልና ሳትከፍቱት አትግዙ። ኤመራልድ ላይ ሌላም አትርሱ፦ እዚያ ተቀናቃኛችሁ፣ ሜይ ወይም ብሬንደን፣ ቻምፒዮን አይሆኑም፤ ቻምፒዮኑ ዋላስ ነው። «ተቀናቃኙን እስከ ሊሊኮቭ ከተማ አሸንፌ ሞክሬዋለሁ» የሚል ሻጭ ወሳኙን ቦታ አልነካውም።

የአሮጌው ጌም ቦይ ካሴቶች የሆኑት ጎልድ፣ ሲልቨር እና ክሪስታል ሌላ ዓይነት ወጥመድ አላቸው። እነዚህ ላይ ሴቩም ሰዓቱም በአንድ ባትሪ፣ በሲአር 2025 ነው የሚኖሩት፤ ባትሪው ሲያልቅ ሴቩ አብሮ ይሄዳል። ሰዓቱ ቀን ከሌት ስለሚበላው ከመጀመሪያዎቹ ሬድና ብሉ ቀድሞ ያልቃል። በእነዚህ ጌሞች ያለው ቀይ ፀጉሩ ተቀናቃኝ፣ ከፕሮፌሰር ኤልም ላቦራቶሪ ፖኬሞን ሰርቆ የሚሄደውና ስሙን ፖሊሱ ሲጠይቃችሁ የምታወጡለት፣ በማውንት ሙን ካሸነፋችሁት በኋላ ኢንዲጎ ፕላቶ ላይ ሰኞና ረቡዕ ብቻ ይመጣል። ሰዓት የሌለው ፎርጅድ ካሴት ላይ ጌሙ ሲጠፋ ቀኑ ይቆማል፤ ማክሰኞ ላይ አጥፍታችሁ ከሳምንት በኋላ ብትከፍቱት አሁንም ማክሰኞ ነው። ያ ተቀናቃኝ በቀኑ ብቅ አይልላችሁም። ለመፈተን ሰዓቱን አስተካክሉ፣ ካሴቱን አውጥታችሁ ቢያንስ 30 ደቂቃ አቆዩ፣ ሰዓቱ 30 ደቂቃ ሄዶ እንደሆነ እዩ።

እዚሁ ላይ፣ «ባትሪው አዲስ ነው፣ የድሮው ሴቭም አለበት» ሲባል እንዴት እንደተደረገ ጠይቁ። ባትሪው ሲወጣ ሴቩ ይጠፋል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚተርፈው አስቀድሞ በካሴት ማንበቢያ ወደ ኮምፒውተር ተገልብጦ ከተመለሰ ነው። ሻጩ ይህን ማስረዳት ካልቻለ ከሁለቱ አንዱ ውሸት ነው። ባትሪው በቴፕ የተያዘ ሳይሆን በብረት ጆሮዎቹ የተበየደ መሆኑንም አረጋግጡ፤ በቴፕ የተያዘው አንድ ጊዜ ከወደቀ ግንኙነቱ ይላቀቅና ሴቩ ያልቃል።

ወደ ዲኤስ። ሃርትጎልድ፣ ሶልሲልቨር፣ ብላክ፣ ዋይት እና ተከታዮቻቸው ኢንፍራሬድ ስላላቸው ፕላስቲካቸው እንደ ሌሎቹ ግራጫ አይደለም፤ ጥቁር መስሎ ጠንካራ መብራት ላይ ሲያዝ ወደ ቀይ የሚያደላ ብርሃን ያሳልፋል። ግራጫ ሃርትጎልድ ካያችሁ አትጠይቁ፣ ተዉት። ሻጩ ፖኬዎከርም (ከሃርትጎልድና ሶልሲልቨር ጋር የሚመጣው የእርምጃ መቁጠሪያ) ካለው ከጌሙ ጋር አገናኝቶ ያሳያችሁ፤ ኢንፍራሬድ የሌለው ካሴት አይገናኝም። የካሴቱ ጀርባ ላይ ያለው ኮድ አብዛኛውን ጊዜ ከፊቱ ሌብል አራት ፊደላት ጋር ተመሳሳይ አጀማመር አለው፤ ካልገጠመ ጠርጥሩ።

ብላክ እና ዋይት ላይ የመጀመሪያው የተቀናቃኝ ውጊያ ለአንዴ ይጠቅማል። ጌሙ ሲጀምር እዚያው መኝታ ቤት ውስጥ ቢያንካን፣ ከዚያ ቼረንን ትገጥማላችሁ። ጌሙ ራሱን ሕገወጥ ቅጂ ላይ ካገኘ ፖኬሞኖቹ የልምድ ነጥብ እንዳያገኙ የሚያደርግ መከላከያ አለው። ቢያንካን አሸንፋችሁ የልምዱ ሰማያዊ መስመር ካልተንቀሳቀሰ ካሴቱ ፎርጅድ ነው። ከተንቀሳቀሰ ግን መከላከያው ተቆርጦ ሊሆን ስለሚችል ወደ ፕላስቲኩና ወደ ኮዱ ተመለሱ። ሃርትጎልድና ሶልሲልቨር ላይ ደግሞ የፎርጅድ ምልክቱ ባልታሰበ ቦታ በረዶ ሆኖ መቆም ነው።

የጌም ቦይ አድቫንስ ካሴትን በዲኤስ ወይም በዲኤስ ላይት መፈተንም ይቻላል። ናሽናል ፖኬዴክስ (ጌሙ ውስጥ የሚሰጥ የሁሉም ፖኬሞኖች መዝገብ) የተገኘበት ዳይመንድ፣ ፐርል ወይም ፕላቲነም ላይኛው ቀዳዳ ውስጥ ይግባ፣ የሚፈተነው ካሴት ታችኛው ላይ። ከጌሙ የመጀመሪያ ምናሌ ላይ ከዚያ ካሴት ፖኬሞን የማዛወር ምርጫ ካልመጣ ወይም ቢመጣም ካልሠራ ካሴቱን አትውሰዱት። ብዙ ፎርጅድ እዚህ ላይ ይወድቃል።

«ዳይመንድ» የሚል የጌም ቦይ ከለር ካሴት ከቀረበላችሁ ሌላ ጌም ነው። ፖኬሞን ዳይመንድ በ2006 ለዲኤስ ብቻ የወጣ ነው፤ ያ ካሴት ቴሌፋንግ የሚባል የጃፓን ጌም ስሙ ተቀይሮበት የተሸጠ ነው፣ የምታውቁት ተቀናቃኝ አንዱም ውስጡ የለም። ለ3ዲኤስ የዲጂታል መደብር የሚሆን የማውረጃ ኮድም አትግዙ፤ መደብሩ ግዢ ያቆመው መጋቢት 2023 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፣ ኮድ መቀበልም ከቀናት በኋላ ቀርቷል።

ፎርጅዱን ሳታውቁ ገዝታችሁ ብዙ ከሄዳችሁ፣ ከቻምፒዮኑ ውጊያ በፊት ቁሙ። ፋየርሬድ ከሆነ የምትወዷቸውን ፖኬሞኖች በሊንክ ኬብል ወደ ሌላ ፋየርሬድ ወይም ሊፍግሪን አሻግሩ፤ ወደ ኤመራልድ መላክ የሚቻለው ከቻምፒዮኑ በኋላ የሚመጣው ሩቢና ሳፋየር የሚባሉትን ድንጋዮች የማምጣት ሥራ ሲያልቅ ስለሆነ ያኔ ዘግይቷል። የካሴት ማንበቢያ ካገኛችሁ ሴቩን አስቀድማችሁ ወደ ኮምፒውተር ገልብጡ። ለመመለስ ክርክር ደግሞ ካሴቱ ሲከፈት፣ ጥቁሩ ማስቲሽ ወይም ስም አልባው ቦርድ በግልጽ ሲታይ፣ ሌብሉም በዚያው ምስል ውስጥ ሆኖ በአንድ ተከታታይ ቪዲዮ ቅረጹ። የተበላሸ ሴቭ መልእክት ብቻውን ለክርክር አይበቃም፤ ሻጩ «እናንተ መሃል ላይ አጥፍታችሁት ነው» ይላል።