የጨጓራ ባክቴሪያ፦ በደም ይታይ ወይስ በሰገራ?

ፒያሳ ወይም አራት ኪሎ አካባቢ ክሊኒክ ገብታችሁ «ጨጓራዬን ያቃጥለኛል» ካላችሁ፣ ኤች ፓይሎሪ ተመርመሩ መባላችሁ አይቀርም። አውስትራሊያውያኑ ሐኪሞች ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን አግኝተውት እ.ኤ.አ. በ2005 ኖቤል የተሸለሙበት ባክቴሪያ ነው። ምርመራው ግን አንድ ዓይነት አይደለም።

የደሙ ፈጣን ነው። የሚፈልገው ግን ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነታችን እሱን ለመዋጋት የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል (አንቲቦዲ) ነው። ይህ ደግሞ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ደም ውስጥ ይቆያል። እህቴ መድኃኒቷን በሥርዓቱ ጨርሳ፣ ከወር በላይ ቆይታ በደም ስትመረመር «አሁንም አለብሽ» ተባለች። በሰገራ ስትታይ ነፃ ናት! ያን ሁሉ ክኒን እንደገና ልትውጥ ነበር። ሳስበው አሁንም ያናድደኛል።

የሰገራው ምርመራ አንቲጅን ይባላል፤ የራሱን የባክቴሪያውን ፕሮቲን ስለሚፈልግ ዛሬ ያለውን ያሳያል። ናሙና ማምጣቱ ያሳፍር ይሆናል፤ እኔ ግን የምመርጠው እሱን ነው። ብቻ ኦሜፕራዞል (የጨጓራ አሲድ መቀነሻው መድኃኒት) ቢያንስ 2 ሳምንት፣ አንቲባዮቲክ 4 ሳምንት ቀድሞ መቆም አለበት፤ አለዚያ ያለውን የለም ሊል ይችላል። በራሳችሁ ግን አታቋርጡ፤ ሐኪማችሁን ጠይቁ። በዚህ በኩል የደሙ ይሻላል፤ ኦሜፕራዞል አይረብሸውም።

ዜና ስታነቡም ልዩነቱን አስታውሱ። «ከሕዝቡ ይህን ያህሉ ተይዟል» የሚል ዘገባ ካያችሁ፣ በምን እንደተመረመሩ ፈልጉ። በደም ከሆነ፣ ድሮ ይዟቸው የለቀቃቸውም አብረው ተቆጥረዋል። ባክቴሪያው ኖሮባቸው ምንም የማያማቸውም ብዙ ናቸው።