የኔት ደመወዝ ማስሊያዎች፦ «ልልቀቅ ወይስ ልቆይ?» ለሚል ሰው ምን ያህል ይጠቅማሉ?

ኦፈር (የሥራ ግብዣ) እጁ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ኔት ስንት ይደርሰኛል?» ነው፤ ግብርና ጡረታ ተቀንሶ ኪስ የሚገባው ማለት ነው። ለዚህ ስሌት የተሠሩ የስልክ መተግበሪያዎች፣ የቴሌግራም ቦቶችና ድረ ገጾች አሉ፤ ግሮሱን (ከተቀናሽ በፊት ያለውን ደመወዝ) አስገብቶ መልሱን ለማየት ደቂቃ አይፈጅም። መልሱን ከማመን በፊት ግን ማስሊያውን ራሱን መፈተን ያስፈልጋል።

20,000 ብር መነሻ ደመወዝ ብላችሁ አስገቡ፤ አበል አትጨምሩ። 13,650 ካለ ደህና ነው፦ ግብሩ 4,950፣ 7 በመቶ ጡረታው 1,400። 13,100 ካለ ከሐምሌ 2017 በፊት በነበረው የግብር ተመን ላይ ቆሞ የቀረ ነው። ያኔ ከ10,900 በላይ ደመወዝ በ35 በመቶ ተባዝቶ 1,500 ይቀነስ ነበር፤ አሁን ደመወዙ ከ14,000 ሲያልፍ በ35 በመቶ ተባዝቶ የሚቀነሰው 2,050 ነው። 14,140 ካለ ደግሞ ጡረታውን ቀድሞ ቀንሶ ግብሩን በቀሪው ላይ አስልቷል ማለት ነው። ከሁሉ የሚከፋው ይሄ ነው። የሠራተኛው መዋጮ ግብር ከመሰላቱ በፊት አይቀነስም፤ ማስሊያው ግን ከእውነተኛው የበለጠ ቁጥር ስለሚያሳይ ማንም አይጠራጠረውም፤ የሚታወቀው የመጀመሪያው ደመወዝ ሲገባ ነው።

ቀጥሎ የሚታየው መነሻ ደመወዝና አበል ለየብቻ ይገባሉ ወይ የሚለው ነው። አንድ ሣጥን ብቻ ያለው ማስሊያ ለኦፈር ማወዳደሪያ አይሆንም። አሁን 22,000 መነሻ ደመወዝ ለሚያገኝ ሰው «27,000» የሚል ኦፈር መጣለት እንበል። ደብዳቤው ሲገለጥ 20,000ው መነሻ፣ 7,000ው ግብር የሚከፈልበት አበል ሆኖ ተገኘ። አሁን ባለበት ቤት ግብሩ 5,650፣ ጡረታው 1,540፣ ኔቱ 14,810 ነው። በአዲሱ ግብሩ በ27,000ው ላይ 7,400 ይሆናል፤ ጡረታው ግን ከመነሻው ከ20,000ው ብቻ ስለሚቆረጥ 1,400 ነው፤ ኔቱ 18,200። ባለ አንድ ሣጥኑ ማስሊያ ጡረታውን ከጠቅላላው ቆርጦ 17,710 ይላል።

ስለዚህ «የ5,000 ጭማሪ» የተባለው ኪስ ሲገባ 3,390 ነው። ሌላም አለ፦ መነሻው ከ22,000 ወደ 20,000 ስለወረደ አሠሪው በሠራተኛው ስም የሚያስገባው 11 በመቶ በወር በ220 ብር ይቀንሳል። አበል አሳብጦ መነሻን ዝቅ ማድረግ ለአሠሪ የሚረክሰው በዚህ ነው። ይህን የአሠሪ መዋጮ ለብቻው የሚያሳይ ማስሊያ ካገኛችሁ ያዙት።

ከኔት ወደ ግሮስ የሚመልስ ቁልፍ ካለውማ እሰየው፤ ለድርድር ከዚህ የሚሻል የለም። ኤችአሩ «ስንት ትጠብቃለህ?» ሲል ብዙ ሰው የሚፈልገውን ኔት በግሮስ ስም ይጠራና ይጎዳል። ቁልፉ ከሌለ በስልክ ካልኩሌተር ይሠራል፦ ከሚፈለገው ኔት 2,050 ቀንሱ፣ ለ0.58 አካፍሉ። 20,000 ኔት ለማግኘት ወደ 30,950 ግሮስ መጠየቅ አለበት። ይህ የሚሠራው ደመወዙ በሙሉ መነሻ ሲሆንና ግሮሱ ከ14,000 ሲያልፍ ነው።

ዋናው ጉድለታቸው ግን ጊዜን አለማየታቸው ነው። ማስሊያው የሚያውቀው ወሩን ብቻ ነው፤ ስንት ዓመት እንደሠራችሁ አይጠይቅም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት 5 ዓመት የሞላው ሠራተኛ በገዛ ፈቃዱ ቢለቅም የሥራ ስንብት ክፍያ ያገኛል፤ ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የአገልግሎት ግዴታ የሌለበት ከሆነ። ለመጀመሪያው ዓመት በግምት የአንድ ወር ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ ይታሰባል፤ ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። ባለ 22,000ው ሰው 5 ዓመት ሲሞላው 22,000 እና አራት ጊዜ 7,333፣ በድምሩ ወደ 51,300 ብር ከግብር በፊት ይደርሰዋል። በ4 ዓመት ከ8 ወሩ ቢለቅ ዜሮ። አራቱን ወር ቢታገሥ የሚያጣው የኔት ጭማሪ 13,560 ብር ነው። እንዲህ ያለው ሰው ከአዲሱ ቤት ጋር መደራደር ያለበት በደመወዙ ሳይሆን በመግቢያው ቀን ነው። የ30 ቀን ማስጠንቀቂያም መስጠት ስላለበት፣ መልቀቂያው ላይ የሚሰፈረው የመጨረሻ የሥራ ቀን 5 ዓመቱ ከሞላ በኋላ እንዲውል አድርጎ ይጻፈው። (የሥራ መሪዎችና የመንግሥት ሠራተኞች በዚህ አዋጅ አይዳኙም፤ የእነሱን ውልና ደንብ ለየብቻ ማየት ነው።)

ሌላው ማስሊያው ውስጥ የሌለ ነገር ትራንስፖርት ነው። አሁን ሰርቪስ ያለው ሰው ወደ አዲሱ ቢሮ ጠዋትና ማታ በታክሲ የሚሄድ ከሆነና በቀን 60 ብር ካወጣ፣ በ26 የሥራ ቀን 1,560 ይሆናል፤ ከ3,390ው የሚተርፈው 1,830 ብቻ። የዓመት ፈቃዱም ከ16 የሥራ ቀን እንደገና ይጀምራል፤ ይህ ትንሽ ነገር ነው፣ ያልወሰዳችሁት ፈቃድም በገንዘብ ይከፈላል። የሙከራ ጊዜው ግን ትንሽ አይደለም፦ እስከ 60 የሥራ ቀን፣ በሳምንት ስድስት ቀን በሚሠራ ቤት 10 ሳምንት ገደማ፣ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሳ ሊያሰናብቷችሁ ይችላሉ። የሠራተኛ ብድር ያለበት ሰው ሲለቅ ወለዱ ወደ ገበያው ዋጋ ይወጣል ወይስ ቀሪው በአንዴ ይጠየቃል የሚለውን ከብድር ውሉ ላይ ያንብብ። ቦነስ ሰኔ 30 ከተዘጋ ሒሳብ በኋላ በሚከፈልበት ቤት ደግሞ ግንቦት ላይ መልቀቅ ምን እንደሚያሳጣ የውስጥ ደንቡ ይናገራል።

ለመጠቀም እንጠቀምባቸው። የ20,000ውን ፈተና ያለፈ፣ መነሻና አበል የሚለይ፣ ወደ ግሮስም የሚመልስ ከሆነ ከአምስት አራት ይገባዋል። ስልክ ቁጥርና የመሥሪያ ቤት ስም ካልሰጣችሁኝ አላሰላም የሚለውን ግን ዝጉት፤ 35 በመቶን ለማባዛት የአሠሪን ስም ማወቅ አያስፈልግም።